ክዳኑ የሚቆለፍ ራዲያተር

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለበሱፍቃድ፣ ሻርጃ።

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሥራው፣ ሙቀቱ፣ ምግቡስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴንም ደረጃው ነው እንጂ እርጅና አይደለም እያልኩ እከራከርለታለሁ። ልደታ ማርያም በምትሄድበት ሁሉ ትቅደምልህ፤ ከክፉ ዓይን ትሰውርህ።

ስልክ ላይ መጮህ እንደማልወድ ታውቃለህ። ዕድሜዬን ሙሉ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሴት ነኝና ነገሬን በወረቀት ካላየሁት የተናገርኩ አይመስለኝም። ስለዚህ እኔ እጽፋለሁ፤ የጎረቤታችን ልጅ ሌንሳ ፎቶ እያነሳች በቴሌግራም ትልክልሃለች። ያንተንም እሷው ታነብልኛለች።

አሁን የምጽፍልህ ስለ ቢጫዋ መኪናህ ነው፤ አትደንግጥ። ጎረቤታችን መካኒኩ ኑሪ እንደ ልማዱ ቅዳሜ ጠዋት አስነስቶ ዞር ዞር ሊያደርጋት ይዟት ወጣ። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ታክሲዎቹ መንገዱን ዘግተው ኖሮ እዚያው ቆማ ሞቀች፤ ከኮፈኗ ሥር እንፋሎቱ ቡን ብሎ ወጣ። «ባለጉዳዩ ሁሉ ክርክሩን ትቶ እኛን ማየት ጀመረ» አለኝ። ሞተሩን ቶሎ አጥፍቶ በሰው አስገፍቶ ግቢ አስገባት። ሞተሩ አልተጎዳም ይላል፤ ራዲያተሩ ግን ውስጡ ተደፍኗል፣ ጎኑም ተበልቷል፣ አይጠገንም። እዚያ አንተ ባለህበት አገር ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ የሚሻለውን አንተ እንድትመርጥ ብሏል።

ሁለት ሰው ብቻ ለምትጭን መኪና ይህን ያህል ሞተር ለምን እንደሚያስፈልጋት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ቢሆንም አንተ የምትወዳት ናትና እኔም እንደ ሰው እጠብቃታለሁ።

አክስትህ ሰብለወንጌል


ሻርጃ
ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለእትዬ ሰብለ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ይማርልኝ፤ ክርክሩንም ይርቱልኝ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራዬ ያው የአየር ጭነት መጋዘን ነው፤ ሳጥን ሲገባና ሲወጣ መቁጠር። ስለ መኪናዋ ሳነብ ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ሰው የታመመብኝ ያህል ነው የደነገጥኩት። ተሰባብራ ከገዛኋት ጀምሮ እኔና ኑሪ ስንት ቅዳሜ ሥሯ ተጋድመናል!

ከሥራ ስወጣ የመለዋወጫ ሱቆቹን ዞርኩ። ከፋብሪካ ይዛው የመጣችውን የሚመስል አለ፤ መሐሉ አልሙኒየም ሆኖ ዳርና ዳሩ ፕላስቲክ ነው። ልክ ይገባል፣ ዋጋውም አይጎዳም፤ ፕላስቲኩ ግን ሙቀት ሲደጋገምበት ይሰነጠቃል። ሙሉ በሙሉ አልሙኒየም የሆነ፣ ወፍራም፣ ፊት የሚያሳይ ደግሞ አለ። ውድድር የሚሮጡት የሚገጥሙት እሱን ነው፤ አልዋሽዎትም፣ ልቤ እዚያ ሄዷል። የመዳቡም ይገኛል። ከባድ ነው፤ ቢቀደድ ግን እዚያው መርካቶ ይበየዳል።

የአዲስ አበባን ከፍታም መርሳት የለብንም፤ እዚያ ውሃ ቶሎ ይፈላል። ስለዚህ ግፊት የሚይዝ ክዳንና ጥሩ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ኩላንት፣ ግድ ነው። ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ልመጣ ስል እኮ አረንጓዴውን ኩላንት ከኑሪ ጋር አዲስ ሞልተንላት ነበር። እንዴት በዚህ ፍጥነት ይደፈናል? ኑሪ የፈታውን ራዲያተር ፎቶ ያንሳልኝ። ቁመቱንና ወርዱን፣ ከቬንትሌተሩ ጋር ያለውንም ክፍተት ይለካልኝ።

ልጅዎ በሱፍቃድ


ልደታ
ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለበሱፍቃድ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ የሥራህን በር ልደታ ማርያም ክፍት ታድርግልህ። መልሴ የዘገየው መጀመሪያ ጥምቀት ስለነበረ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ሌንሳ ፈተና ላይ ነበረች። ምክንያት መደርደር አሁን ይብቃኝ።

ኑሪ የለካው ሁሉ ከዚህ ጋር ተልኳል፤ ፎቶውም አለ። ወፍራሙን እርሳው ብሎሃል። እሱ ከገባ ቬንትሌተሩ ቦታ ያጣል። «ይቺ መኪና የምትሞቀው ስትሮጥ አይደለም፣ ታክሲ ኋላ ስትቆም ነው። ስትቆም የሚያናፍሳት ደግሞ ቬንትሌተሩ ነው። ከድሮው በትንሹ የሚወፍር ሙሉ አልሙኒየም ካገኘ በቂዋ ነው ይበሉልኝ» አለ።

እኔም ልጠይቅህ። የመዳቡ ማንኛውንም ውሃ ይችላል የሚባለው እውነት ነው? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው። ደግሞስ ክዳኑ የሚቆለፍ ራዲያተር ይኖራል? እንደ ነዳጅ ክዳን ቁልፍ ያለው ማለቴ ነው። የማይገባው እጅ እንዳይከፍተው ነው። ካለ እሱን ብትመርጥልኝ ደስ ይለኛል።

ስትበላ በደንብ ብላ። ፎቶህ ላይ ጉንጭህ ጎድሏል።

አክስትህ ሰብለወንጌል


ሻርጃ
የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰብለ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ፎቶውን አየሁት፤ ካየሁት ወዲህ ደህና አይደለሁም። የቱቦዎቹ አፍ ሁሉ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሯል፤ የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚታየው። ከሥሩ የቀረው ፈሳሽም አረንጓዴ አይደለም፣ ውሃ ነው። ይህ በራሱ የሚሆን ነገር አይደለም። አንድ ሰው ኩላንቱን አውጥቶ በምትኩ ውሃ ሲሞላ ኖሯል።

ክዳኑ የሚቆለፍ ይኖራል ወይ ያሉኝ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ስም መጥራት ከብዶዎት ነው። እኔንም ከብዶኛል። ኑሪን ወንድሜ ነው ስል ነበር፤ ቁልፌን የሰጠሁት ለእሱ ነው፣ የኮንዶሚኒየሙ ሰው ግማሹ መኪናውን ለእሱ የሚሰጠው እኔ እንዳመንኩት አይቶ ነው።

ብቻ በደል እንዳይሆንብኝ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ከኑሪ በቀር ያን ኮፈን የሚከፍት ሌላ ሰው አለ?

በሱፍቃድ


ልደታ
የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለበሱፍቃድ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። በኑሪ ላይ ቶሎ አትፍረድ። ለጠየቅከኝ ጥያቄ መልሱን እዚህ ወረቀት ላይ አልጽፈውም፤ ይህን ሌንሳ ታየዋለች። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ተስፋሚካኤል በሚመጣው ሳምንት ወደ ሻርጃ ይመለሳል። በታሸገ ፖስታ በእሱ እጅ እልክልሃለሁ። እስኪደርስህ ታገሥ፤ አደራ።

አክስትህ


(በታሸገ ፖስታ)
ልደታ
የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

በሱዬ፣

ኮፈኑን የምከፍተው እኔ ነኝ።

ከሄድክ ጀምሮ ወር በገባ ቁጥር በልደታ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ጠበል ይዤ እመጣለሁ። ተማሪ ሳለህ ሳትጠጣ ከቤት አላስወጣህም ነበር፤ አፍንጫህን ይዘህ ትጨልጠው ነበር። ከሄድክ በኋላ ያንተ ድርሻ ብርጭቆው ላይ እየቀረ አስቸገረኝ። እንዳልደፋው ነውር ነው። እኔ ልጠጣልህ ብል ደግሞ ያንተ አይሆንልህም። አንድ ቀን ይዤው ወረድኩና ለመኪናህ ሰጠኋት። አንተን ማጠጣት ካልቻልኩ የምትወዳትን ላጠጣ ብዬ ነው። ስትሄድ ኮፈኑና ክዳኑ እንዴት እንደሚከፈት ያሳየኸኝ ራስህ ነህ፤ ላስታውስህ ብዬ እንጂ ላሳብብብህ አይደለም።

ያመጣሁት እስኪያልቅ በየሳምንቱ ወርጄ አያታለሁ፤ ሁልጊዜ ጎደል ብሎ አገኘዋለሁ፣ እሞላዋለሁ። ጠጣችልኝ እያልኩ ደስ እያለኝ ደረጃውን እወጣለሁ። ለካ አንድ ቱቦ ሲያንጠባጥብ ኖሯል! ኑሪ ቅዳሜ ሲከፍተው ሙሉ ያገኘዋል፤ በምን ይወቅ? አንተ ያስገባኸው አረንጓዴ በጠብታ ወጣ፣ በእሱ ቦታ የኔ ገባ።

ኑሪ ራዲያተሩን ፈቶ «እዚህ ውስጥ ውሃ ሲጨመር ኖሯል» ሲል አጠገቡ ቆሜ ነበር። እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ። ለመኪና ጠበል ያጠጣች ሴት ተብዬ በዚህ ዕድሜዬ የግቢው መሳቂያ እሆናለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የጠበሉ አይደለም፤ ጠበል የተሰጠው ለሰው ነው፣ ያለ ቦታው ያፈሰስኩት እኔ ነኝ።

ክዳኑ ይቆለፍ ያልኩህም ኑሪን ፈርቼ አይደለም። የራሴን እጅ ፈርቼ ነው። አዲሱ ሲመጣ እንደማያስችለኝ ስለማውቅ ነው።

በኑሪ ላይ ክፉ እንዳታስብ። እባክህ።

ሰብለ


ሻርጃ
የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰብለ፣

እንደምን አሉ? ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ተስፋሚካኤል የመኖሪያ ፈቃዱ እስኪታደስ አልመጣም አለኝ፤ ፖስታዎም እዚያው ከእሱ ጋር ነው። ብጠብቅ ብጠብቅ አልቻልኩም።

እርስዎ ቶሎ አትፍረድ ያሉኝ ይሉኝታ ይዞዎት እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ እርስዎን ሳላስገባ ራሴ ጨርሼዋለሁ። ትናንት የብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፍኩ። ኑሪ ከመኪናዬ ኩላንት እያወጣ ውሃ ይሞላ እንደነበር፣ ሁሉም የየራሱን መኪና እንዲያስመረምር ጻፍኩ፤ ፎቶውንም አያያዝኩ። ብዙ ሰው አመሰገነኝ።

ራዲያተሩንም ገዛሁ። ወፍራሙን ነው የገዛሁት፤ ከአሁን በኋላ የሱን ልክ አላምንም። ቁልፍ ያለው ክዳንም አንድ ሽማግሌ ሱቅ ተፈልጎ ተገኝቷል። እንግዲህ ልብዎ ይረፍ።

ልጅዎ በሱፍቃድ


ልደታ
መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለበሱፍቃድ፣

ምን አደረግህ ብዬ ልጀምር ነበር። ምን አደረግሁ ማለት እንዳለብኝ ገብቶኝ ወረቀቱን ቀደድኩት። ይሄ ሌላ ነው።

የጻፍከው በነጋታው ሰው ሁሉ ቁልፉን ከኑሪ ተቀበለ። የግቢው ኮሚቴ መኪና ማቆሚያው ላይ እንዳይሠራ ከለከለው። በመስኮት ቆሜ አየሁት። ረመዳን ነበር፣ ጾም ላይ ነበር፤ አልተከራከረም፣ «እሺ» ብቻ አለ። መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ጠርጎ ጆንያ ውስጥ ከተተና ተሸክሞ ገባ። አሁን በየሰው ጋራዥ እየዞረ የቀን ሥራ ይለምናል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚሉትን ስሰማ ነው ያደግኩት፤ አይጧ እኔ እሆናለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ዒድ ደረሰ። የኑሪ ሚስት አሚራ በዒድ ሳህን ሳትልክልኝ ቀርታ አታውቅም፤ የዘንድሮው እንደሚቀር እርግጠኛ ነበርኩ፣ እንዲቀርም ፈልጌ ነበር። ላከችው። እኔ ጾም ላይ እንደሆንኩ አስባ የምስር ሳምቡሳና ተምር ነው የላከችው። ሳህኗን ባዶ መመለስ ነውር ነው፤ በምን ሞልቼ ልመልሰው? መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። በራቸው ድረስ ወርጄ ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ጉልበቴ ነው ብዬ ለራሴ ዋሸሁ።

አሁንም እዚህ ላይ ልጽፈው የሚገባኝን ነገር ሌንሳ ታነበዋለች ብዬ እየተውኩት ነው። እንዲህ ዓይነት ፈሪ ነኝ። ተስፋሚካኤል ትናንት ሄዷል። ፖስታውን ስትቀበል ቁጭ ብለህ አንብበው።

አክስትህ


ሻርጃ
ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. (በታሸገ ፖስታ)

እትዬ፣

ቁጭ ብለህ አንብብ ብለውኝ ነበር፤ መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ግን ተቀመጥኩ።

ግሩፑ ላይ የጻፍኩትን አጠፋሁት። አንድ ጊዜ በጣት መንካት ነው፤ ጠፋ። ሰው ያነበበው ግን አይጠፋም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይሉ የነበሩት እርስዎ ነዎት። ኑሪን «ሌባ» ለማለት እንደዚያ የቸኮልኩት ለምን እንደሆነ ራሴን ጠየቅኩት። አመስጋኙ ሲበዛልኝ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። ይህን ሳስበው ራሴን ለማየት አፍራለሁ።

ደወልኩለት። ያነሳልኛል ብዬ አላሰብኩም። ሰላምታ ሰጥቶኝ መጀመሪያ የጠየቀኝ «የቱን ገዛህ?» ብሎ ነው። ወፍራሙን ስለው «ቬንትሌተሩ አይገባም አላልኩም? ካርቶኑን ሳትከፍት ቀይረው» አለኝ። ይቅርታ ልለው ስጀምር «እትዬን እንዳታስቀይማቸው» ብሎ ዘጋው። ነገሩን ያውቃል ማለት ነው? እንዴት ሊያውቅ ይችላል?

ራዲያተሩን እሱ ባለው ቀይሬ ልኬያለሁ፤ ለፋሲካ ማግስት ይደርሳል። ቁልፍ ያለው ክዳንና ሁለት ቁልፍ አብሮ አለ።

አሁን የማስበው ይህን ነው። ግሩፑ ላይ ኩላንቱ ከሱቅ ሲገዛ ጀምሮ የተበላሸ ነበር፣ ኑሪ ጥፋት የለበትም ብዬ ልጻፍ። እሱም ነጻ ይወጣል፣ የእርስዎም ስም አይነሳም። ማንም አያውቅም። ይፍቀዱልኝ።

ልጅዎ በሱፍቃድ


ልደታ
ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለበሱፍቃድ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ይህን ደብዳቤ ሌንሳ ታንብበው፤ የፈለገም ሰው ያንብበው። ከትናንት ወዲህ የምደብቀው የለኝም።

ያሰብካትን ውሸት አልፈቀድኩም፤ ለዚያ ነው ዝም ያልኩህ። ደግሜ ደጋግሜ አሰብኳት፣ ጣፍጣኝም ነበር። በኋላ ግን ይህ ሰው በአንድ ውሸት ተጎድቶ በሌላ ውሸት ሊድን ነው ወይ ብዬ አፈርኩ።

ትናንት የግንቦት ልደታ ነበር። እንደ ደንባችን ንፍሮውን ቀቅለን ግቢ ወረድን፤ የብሎኩ ሰው ከትልቅ እስከ ትንሽ ወጥቶ ተቀምጧል። ተመርቆ ንፍሮው ሊነሳ ሲል ተነሳሁ። ፍርድ ቤት ሳለሁ ስንቱ ሰው እውነቱን እናገራለሁ ብሎ ሲምል እየሰማሁ ወረቀቴን እጽፍ ነበር። ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅኩት ትናንት ነው። ጠበሉንም፣ ቱቦውንም፣ አጠገቡ ቆሜ ዝም ማለቴንም፣ በመስኮት ማየቴንም ተናገርኩ። ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሌሎችም ሳቁ። ያን ሁሉ ጊዜ የሸሸሁት ይሄንን ሳቅ ነበር፤ እንዲህ ቶሎ የሚያልቅ መሆኑን አላወቅኩም ነበር።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ቀና ብሎ አላየኝም። እሱም አፍሮ ነበር መሰለኝ፤ ተነስቶ ኑሪን ሊጠራ ሄደ። ኑሪ ከጁምዓ መመለሱ ነበር፤ አሚራም አብራው መጣች። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘኝ። «እትዬ፣ ጉልበትዎን» አለኝ። የባሰ ያስለቀሰኝ ይሄ ነው።

ቀደም ብሎ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። ክዳኑን ሲፈታ የነጠላዬ ክር ተጠምጥሞበት አግኝቷል። በወሩ መጀመሪያ የጠበል ፕላስቲክ ይዤ ስወርድም ያየኝ ነበር። «ታዲያ ስትሰደብ ለምን አልተናገርክም?» አልኩት። በቀስታ፣ ሰው እንዳይሰማው እንዲህ አለኝ፦ «ጠበል ነው ያበላሸው ብዬ እኔ ልናገር? ነገሩ ከመኪና አልፎ ወደ ሃይማኖት ይሄድ ነበር። በአንድ ሳህን የምንበላ ሰዎች ከምንጣላ ሌባ ብባል ይሻላል አልኩ።»

በሱዬ፣ እሱ መናገር አይችልም ነበር። የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌሊቱን ሙሉ ያልወጣልኝ ይህ ነው፤ ይቅር ቢለኝም ይወጣልኛል ብዬ አልጠብቅም።

የአሚራን ሳህን ንፍሮ ሞልቼ በእጄ አወረድኩላት። «ቆየብኝ» አልኳት። «የት ይሄዳል ብዬ» አለችኝ፤ አቅፋ ሳመችኝ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ኑሪ መፍቻዎቹን ከነጆንያው ይዞ ወጣ፤ ግቢው እያየው ራዲያተሩን ገጠመ። እንዳለው ቬንትሌተሩ በቦታው ገባ፤ የሚያንጠባጥበውንም ቱቦ ለወጠው፣ አረንጓዴውን ሞላው። አስነስቷት ብዙ ቆመች፣ አልሞቀችም። ሁለቱንም ቁልፍ ሰጠሁት። አንዱን መለሰልኝ፤ «ለማየት ብቻ ነው፣ ለመጨመር አይደለም» ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዛሬ አላሳፈረኝም።

አንተ ደግሞ አጠፋሁት ብለህ አትቀመጥ። የጻፍክበት ቦታ ላይ፣ በዚያው ስምህ፣ ተሳስቼ ሰው በደልኩ ብለህ ጻፍ። የኔንም ስም አትተወው።

የአሚራ ወንድም ዓብዱልሰላም ሰኞ ወደ ሻርጃ ይመጣል። የትናንቱን የልደታ ጠበል በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ፤ እንዳይፈስ ራሱ በጨርቅ ጠቅልሎ ልብሱ መሐል አስቀምጦልሃል። ለመኪና አይደለም። ጠዋት በባዶ ሆድህ፣ እንደ ድሮው አፍንጫህን ይዘህም ቢሆን ጠጣው። እኔ ትናንት የጠጣሁት ዝም ስላለው አፌ ነው፤ አንተ ደግሞ ስለተናገረው አፍህ ጠጣ።

አክስትህ ሰብለወንጌል